አንድ የክፍያ አካውንት ለሚጋሩ ድርጅቶች፦ የ1099-ኬን ሒሳብ ለይቶ የማስታወቅ አሠራር

በአሜሪካ ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች በአንድ የካርድ ማሽን ወይም በአንድ የክፍያ አካውንት ሲሠሩ ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ ይቆያል። ደንበኛው ይከፍላል፣ ገንዘቡ የአካውንቱ ባለቤት ባንክ ይገባል፣ ባለቤቱም የባልደረባውን ድርሻ ቆጥሮ ያስተላልፍለታል። ጃንዋሪ ሲያልቅ ግን 1099-ኬ የተባለው ቅጽ ይመጣል፤ የሁለቱም ሽያጭ ተደምሮ በአንዱ ሰው የታክስ ቁጥር ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። ቅጹ የሚወጣው በ2008 በታወጀውና አንቀጽ 6050ደብሊው ሆኖ ወደ ፌዴራሉ የታክስ ሕግ በገባው ድንጋጌ መሠረት ሲሆን፣ ከ2011 ግብይቶች ጀምሮ የካርድ ክፍያ የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ሁሉ አንዱን ቅጂ ለነጋዴው፣ ሌላውን ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) እንዲልኩ ያስገድዳል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የተደባለቀውን ገቢ እያንዳንዱ ባለቤት ዘንድ በማስረጃ ለማድረስ ነው።

አንደኛ፦ አካውንቱ በማን ቁጥር እንደተከፈተ ማረጋገጥ

የአይአርኤስ ኮምፒውተር በበሩ ላይ የተሰቀለውን የድርጅት ስም አያውቅም፤ የሚያመሳክረው በ1099-ኬው ላይ ያለውን የታክስ መለያ ቁጥር በዓመታዊው የታክስ ማስታወቂያ (ገቢ በሚገለጽበት ሰነድ) ላይ ካለው ቁጥር ጋር ነው። ስለዚህ ወደ ክፍያ ፕሮሰሰሩ (የካርድ ክፍያውን ወደሚያስተናግደው ድርጅት) ድረ ገጽ ይግቡና በታክስ መረጃ ክፍሉ ውስጥ የተመዘገበውን ሕጋዊ ስምና ቁጥር ያንብቡ፤ በደረሰኙ ላይ የሚታተመው የንግድ ስም ለዚህ ጉዳይ ምንም አይጠቅምም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት)፣ እንደ ኮርፖሬሽን ታክስ ለመክፈል ካልመረጠ በስተቀር፣ ለፌዴራል የገቢ ታክስ ከባለቤቱ ተለይቶ አይታይም። በመሆኑም ስምና የታክስ ቁጥር ለማሳወቅ ለፕሮሰሰሩ በሚሰጠው ደብሊው-9 ቅጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ነው፤ የኤልኤልሲው ስም በሁለተኛው መስመር ይገባል፤ ቁጥሩም የባለቤቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የባለቤቱ የራሱ ኢአይኤን (ለንግድ ሥራ የሚሰጥ የታክስ መለያ ቁጥር) እንጂ ለኤልኤልሲው የወጣው ኢአይኤን አይደለም። ኤስ ኮርፖሬሽን (ትርፉ ወደ ባለቤቶቹ የግል ታክስ የሚተላለፍ ኮርፖሬሽን) ግን ራሱን የቻለ ታክስ አስታዋቂ ነው። ድርጅትዎን ወደ ኤስ ኮርፖሬሽን ቀይረው በፕሮሰሰሩ ዘንድ ያለውን አሮጌ ቁጥር ሳያስለውጡ ቀርተው ከሆነ፣ ከማንም ጋር ሳይጋሩ ከራስዎ ጋር ተጋርተዋል ማለት ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ እርስዎንም ይመለከታል።

ስሙና ቁጥሩ እርስ በርስ ሳይገጥሙ ከቀሩና አይአርኤስ ይህንን ለፕሮሰሰሩ ካሳወቀ፣ ነጋዴው በጊዜው ካላስተካከለ ፕሮሰሰሩ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ 24 ከመቶ ይዞ ለመንግሥት ያስገባል። በተጋራ አካውንት ላይ ይህ ሲደርስ የሚያዘው የአንዱ ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፦ መጋራቱ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት

አንድ ሰው ሁለት ሥራ ኖሮት ሁለቱንም በግል ስሙ የሚያስታውቅ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ለራሱ ቅጽ አይጽፍም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚገለጽበት ቅጽ) ሞልቶ ገቢውን በየሥራው ማካፈል ይበቃዋል።

ሁለተኛው ዓይነት አንዱ ለሌላው ሲሠራ ነው። ዋጋውን የሚወስኑት እርስዎ፣ ደንበኛውም የእርስዎ የሆነና ሠራተኛው በኮሚሽን የሚከፈለው ከሆነ፣ ይህ አካውንት መጋራት አይባልም፤ ሽያጩ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው፣ ለሰውየው የሚከፍሉትም ደመወዝ ወይም የኮንትራክተር ክፍያ ነው። የኮንትራክተር ክፍያ ከሆነ በ1099-ኤንኢሲ ይገለጻል፤ የማስታወቂያው ወለል (ቅጽ መላክ ግድ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) እስከ 2025 በተፈጸሙ ክፍያዎች ላይ 600 ዶላር የነበረ ሲሆን ከ2026 ጀምሮ 2,000 ዶላር ሆኗል። አንዳንድ ባለቤቶች ሠራተኛቸውን «ማሽን የሚጋራኝ ሰው» ብለው በመጥራት ከሠራተኛ ታክስ ለመዳን ይሞክራሉ፤ ስያሜው ግን ግንኙነቱን አይለውጠውም።

ሦስተኛውና ይህ መመሪያ በዋናነት የሚመለከተው፣ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ደንበኛ ሸጠው ገንዘቡ ግን በአንዱ አካውንት ሲያልፍ ነው። አንቀጽ 6050ደብሊው ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አለው፤ በሌሎች ስም ክፍያ ተቀብሎ ለእነሱ የሚያከፋፍል ሰው፣ በፕሮሰሰሩ ፊት ተከፋይ ሆኖ ሲቆጠር፣ ገንዘቡን በሚያከፋፍላቸው ሰዎች ፊት ደግሞ ራሱ እንደ ፕሮሰሰር ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር አካውንቱን ያበደረው ሰው ሳያስበው ቅጽ የመላክ ግዴታ ተሸክሟል።

ሦስተኛ፦ ቅጹን ሣጥን በሣጥን ማንበብ

ሣጥን 1ኤ የዓመቱን ጥቅል መጠን ይይዛል። ጥቅል ሲባል ቃሉ በጥብቅ የተወሰደ ነው፤ ለደንበኛ የተመለሰ ገንዘብ፣ የፕሮሰሰሩ የአገልግሎት ክፍያ፣ ቅናሽም ሆነ የማጓጓዣ ዋጋ አልተቀነሰለትም፤ በካርድ የተከፈለ የሽያጭ ታክስና ጉርሻም በውስጡ አለ። ሣጥን 3 የግብይቶቹን ብዛት፣ ሣጥን 4 ተይዞ የተላለፈ የፌዴራል ታክስ ካለ መጠኑን፣ ከ5ኤ እስከ 5ኤል ያሉት ሣጥኖች ደግሞ የየወሩን ጥቅል መጠን ያሳያሉ። ሣጥን 4 ባዶ ካልሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ይያዙት፣ ምክንያቱም የተያዘው ገንዘብ በማስታወቂያዎ ላይ እንደ ከፈሉት ታክስ ካልተጠየቀ ማንም አስታውሶ አይመልስልዎትም።

የቅጹ ጥቅል የሚሰላው ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን እንጂ ገንዘቡ ባንክ በገባበት ቀን አይደለም። ዲሴምበር 31 የተሸጠና ጃንዋሪ 2 ባንክ የደረሰ ገንዘብ በቀድሞው ዓመት ቅጽ ውስጥ ይገኛል፤ የባንክ ስቴትመንት ብቻ ይዘው ለመለየት የሚነሡ ሰዎች በዓመቱ ዳርና ዳር ያለው ቁጥር አልገጥም የሚላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፦ ሽያጩን መለየት

አድካሚው ሥራ ይህ ነው፤ ቀሪው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ለመፍጠን አይሞክሩ። ከፕሮሰሰሩ ድረ ገጽ የዓመቱን የግብይት ዝርዝር ያውርዱ፤ የሚያስፈልግዎ ማጠቃለያው ሳይሆን እያንዳንዱ ግብይት በየመስመሩ የሚታይበት ፋይል ነው። በፋይሉ ላይ አንድ ዓምድ ጨምረው ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ሽያጩ የማን እንደሆነ ይጻፉ። የመለያው መሠረት ሁለታችሁም የምትስማሙበት ማስረጃ መሆን አለበት፤ ማሽኑ ላይ የሚገባ የሻጭ ኮድ፣ የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የደረሰኝ ቁጥር ወይም የቀጠሮ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ምንም መለያ የሌለው መስመር ሲገኝ «በግማሽ በግማሽ እንካፈለው» ማለት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ግምት ከሆነ ግምት መሆኑንና በምን መነሻ እንደተሠራ በማስታወሻ ይጻፉ።

ከዚያ ወር በወር ይደምሩና ከ5ኤ እስከ 5ኤል ካሉት ሣጥኖች ጋር ያመሳክሩ። የዓመቱን ድምር ብቻ ማመሳከር አይበቃም፤ በማርች የጎደለ በጁን ከተረፈ ጋር ተጣፍቶ ድምሩ ሊገጥም፣ ክፍፍሉ ግን ስሕተት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በሣጥን 1ኤ ላይ 148,600 ዶላር የተጻፈበት ቅጽ መጣ እንበል። ግብይቱ መስመር በመስመር ሲለይ 96,300 የአካውንቱ ባለቤት፣ 52,300 የባልደረባው ሽያጭ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ ለደንበኞች የተመለሰው 1,900 ዶላር ሲሆን 1,200ው ከባለቤቱ፣ 700ው ከባልደረባው ሽያጭ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የቆረጠው ክፍያ 4,310 ሲሆን 2,790ው በባለቤቱ፣ 1,520ው በባልደረባው ሽያጭ ላይ የታሰበ ነው። ስለዚህ ባንክ የገባው 142,390 ዶላር ነው፤ ከዚህም ባለቤቱ ለባልደረባው በእጁ ያስተላለፈለት 50,080 ዶላር ይሆናል።

ጥያቄው ለባልደረባው በሚጻፈው ቅጽ ላይ የሚገባው የትኛው ቁጥር ነው የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው የባንክ ማስተላለፊያውን አይቶ 50,080 ይጽፋል። ትክክለኛው ግን 52,300 ነው። 50,080 ከተጻፈ በባለቤቱ ቁጥር ላይ ማንም ያልወሰደው 2,220 ዶላር ይቀራል፤ ባልደረባው ደግሞ ተመላሹንና የፕሮሰሰሩን ክፍያ በራሱ ማስታወቂያ ላይ ከቀነሰ ያው ወጪ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ ማለት ነው። ጥቅል ከጥቅል ይለያል፤ ተመላሹና የአገልግሎት ክፍያው እያንዳንዱ በየማስታወቂያው ላይ በየቦታው ይቀናነሳል። ባለቤቱ ለማሽኑ መጠቀሚያ ከባልደረባው የሚያስከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ካለም፣ ለባለቤቱ ገቢ፣ ለባልደረባው ወጪ ሆኖ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ከሽያጩ ላይ ዝም ተብሎ አይቆረጥም።

አምስተኛ፦ ስምምነቱን በጽሑፍ ማኖርና ቅጹን መላክ

ስምምነት ካልነበረ አሁን ይጻፉ፤ ቀኑን ግን ወደ ኋላ አይመልሱ። ጽሑፉ የዛሬን ቀን ይዞ መጋራቱ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ፣ ሽያጩ በምን እንደሚለይ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚተላለፍ፣ ደንበኛ ክፍያውን በባንኩ በኩል ተቃውሞ ቢያስመልስ ማን እንደሚሸከምና የሽያጭ ታክሱን እያንዳንዱ በየፈቃዱ እንደሚያስታውቅ ቢገልጽ ይበቃል። ከስምምነቱ ጋር የተላለፉትን ቼኮች ወይም የባንክ ማስተላለፊያዎች ቅጂ ያኑሩ። በጥሬ ገንዘብ ማስተላለፍ ከተለመደ ዛሬውኑ ቢቆም ይሻላል፤ ፈርሞ የተቀበለ ሰው እንኳ ቢኖር ገንዘቡ እርስዎ ዘንድ አለመቅረቱን ለማስረዳት ይከብዳል።

ቀጥሎ ባልደረባውን ደብሊው-9 ያስሞሉ። ይህ ወዳጅነት የሚፈተንበት ቦታ ነው፤ «ለአንተ ምን ያደርግልሃል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ አጭር ነው፤ ቁጥሩን ካልሰጠ ሕጉ ከሚተላለፍለት ገንዘብ ላይ 24 ከመቶ ተይዞ እንዲገባ ያዛል። ስለዚህ ደብሊው-9ን የመጀመሪያው ዶላር ከመተላለፉ በፊት መቀበል ጃንዋሪ ላይ ከመለማመን ይሻላል።

ከዚያ በባልደረባው ስምና ቁጥር 1099-ኬ ይሞላል፤ ላኪው የአካውንቱ ባለቤት፣ ተቀባዩ ባልደረባው፣ ሣጥን 1ኤ ከላይ በምሳሌው 52,300፣ የወራቱ ሣጥኖችም በለዩት መሠረት። ለካርድ ክፍያ የዶላር ወለል የለም፤ የባልደረባው ሽያጭ አነስተኛ ቢሆንም ይጻፋል። ባልደረባው ኮርፖሬሽን መሆኑም ከዚህ ቅጽ አያድነውም፤ በዚህ 1099-ኬ ከ1099-ኤንኢሲ ይለያል። ለባልደረባው እስከ ጃንዋሪ 31፣ ለአይአርኤስ በወረቀት ከሆነ እስከ ፌብሩዋሪ 28፣ በኤሌክትሮኒክስ ከሆነ እስከ ማርች 31 መድረስ አለበት። በዓመቱ የሚልኳቸው ልዩ ልዩ የመረጃ ቅጾች፣ የሠራተኛ ደመወዝ ቅጽ የሆነውን ደብሊው-2ንም ጨምሮ፣ ተደምረው 10 ከደረሱ በወረቀት መላክ አይፈቀድም፤ ከዚያ በታች ቢሆንም አይአርኤስ አይሪስ በተባለው ድረ ገጹ ያለ ክፍያ ስለሚቀበል ወረቀቱን የሚመርጥ ሰው ምክንያት ያለው አይመስለኝም። በወረቀት ከሆነ 1096 የተባለው መሸፈኛ አብሮ ይሄዳል። በአይሪስ ለመላክ የሚያስፈልገው የላኪ ኮድ በአንድ ቀን ላይደርስ ስለሚችል ማመልከቻውን በመኸሩ ወራት ያስገቡ። ለመዘግየት የሚከፈለው ቅጣት በጊዜው ልክ ያድጋል፤ በ2025 መግባት ለነበረባቸው ቅጾች እስከ 30 ቀን ለዘገየ በአንድ ቅጽ 60 ዶላር፣ እስከ ኦገስት 1 ድረስ 130፣ ከዚያ በኋላ 330 ነበር።

ስድስተኛ፦ በየማስታወቂያው ላይ ማሳየት

ባልደረባው 52,300ውን በራሱ ማስታወቂያ ላይ ጥቅል ገቢ አድርጎ ይጽፋል፤ 700ውን እንደ ተመላሽ፣ 1,520ውን እንደ ወጪ ይቀንሳል። የአካውንቱ ባለቤት ዘንድ ያለው አጻጻፍ ግን በታክስ አዘጋጆች መካከል ልማዱ ሁለት ነው። አንዳንዶች በስኬጁል ሲ የመጀመሪያ መስመር ላይ የራሱን 96,300 ብቻ ጽፈው ልዩነቱን የሚያስረዳ ወረቀት ያያይዛሉ፤ ሌሎች 148,600ውን ሙሉ ጽፈው 52,300ውን «ለሌላ ባለቤት ተቀብሎ የተላለፈ» በሚል ግልጽ ስያሜ በሌላ መስመር ይቀንሳሉ። ሁለቱም የሚያደርሱት ወደ አንድ ትርፍ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ኮምፒውተሩ በቅጹ ላይ ያነበበውን ቁጥር በማስታወቂያውም ላይ ስለሚያገኘው ማብራሪያ ለመጠየቅ ያለው ምክንያት ያንሳል። ሆኖም የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ወይም ከተማ በጥቅል ገቢ ላይ ታክስ የሚጥል ከሆነ የሌላ ሰው ሽያጭ በመጀመሪያው መስመር ላይ መታየቱ ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ምርጫውን ታክስ ከሚሠራልዎ ባለሙያ ጋር ሆነው ይወስኑ። አንዱን ከመረጡ በኋላ በየዓመቱ አይቀያይሩት።

ሰባተኛ፦ ቅጹ ራሱ ስሕተት ከሆነ ወይም ደብዳቤ ከመጣ

መጋራቱ እውነት ሆኖ ቅጹ የሁለቱን ድምር ማሳየቱ የፕሮሰሰሩ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያርም ቢጠይቁት አያርምም፣ ማረምም የለበትም። ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ፣ መጠኑ ከግብይቱ ዝርዝር ጋር ካልገጠመ ወይም ያው ቅጽ ሁለት ጊዜ ከወጣ ግን፣ በቅጹ ላይኛው ግራ ጥግ ወዳለው ላኪ ደውለው የታረመ ቅጽ ይጠይቁ። አይአርኤስ ቅጹን ሊያርምልዎ ስለማይችል ወደዚያ መደወል ጊዜ ማባከን ነው። የታረመው ቅጽ ማስታወቂያው ከሚገባበት ቀን በፊት ካልደረሰ፣ ይኸውም ለኤስ ኮርፖሬሽንና ለሽርክና ማርች 15፣ ለግለሰብ ኤፕሪል 15፣ ትክክለኛውን አስልተው ያስገቡ፤ የተጻጻፉትንም ያኑሩ።

ሲፒ2000 የተባለው ደብዳቤ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ደብዳቤው የታክስ ክፍያ ትእዛዝ ሳይሆን «ቁጥሩ አልገጠመም፣ ይህን ያህል ሊጨምር ነው» የሚል ሐሳብ ነው። ዝም ከተባለ ግን ሐሳቡ ወደ ዕዳ ይለወጣል፤ የ20 ከመቶ ቅጣትም ሊከተለው ይችላል። በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ «አልስማማም» በሚለው ላይ ምልክት አድርገው፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ፣ የመለያ ሰንጠረዡን፣ ስምምነቱን፣ ለባልደረባው የተላከውን 1099-ኬና የማስተላለፊያ ማስረጃውን አያይዘው ይመልሱ። ይህንን ሰነድ ስንት ዓመት ማኖር እንዳለብዎ ቢጠይቁ፣ አጠቃላዩ ጊዜ ሦስት ዓመት ቢሆንም ከተገለጸው ጥቅል ገቢ ከ25 ከመቶ በላይ ሳይገለጽ ቀረ በሚባልበት ጊዜ ስድስት ዓመት ስለሚሆን፣ ለተጋራ አካውንት ስድስቱን እመክራለሁ።

ስምንተኛ፦ አካውንቱን መለያየት

ከላይ ያለው ሁሉ ያለፈውን ለማስተካከል ነው። ለወደፊቱ እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ ቁጥር የራሱን አካውንት ቢከፍት ይህ ድካም አይኖርም፤ አንድ ማሽን በጋራ መጠቀም የግድ ከሆነም፣ በአንድ ማሽን ላይ የየራሳቸው የታክስ ቁጥር ያላቸው ሁለት አካውንቶች የሚያስተናግድ ፕሮሰሰር ይፈልጉ። የሌላ ድርጅት ሽያጭ በራስ አካውንት ማሳለፍን የፕሮሰሰሮች ውል በአብዛኛው ይከለክላል፤ ከፍ ሲል ማስተርካርድ በሚያስተዳድረው ማች በተባለው የተሰረዙ ነጋዴዎች ዝርዝር ላይ ሊያስገባ ይችላል። እዚያ የገባ ስም አምስት ዓመት ስለሚቆይ ሌላ ፕሮሰሰር ማግኘት እጅግ ከባድ ይሆናል።

የወለሉም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ክፍያው የሚመጣው በገበያ መተግበሪያ ወይም በመሰል ሦስተኛ ወገን መረብ ከሆነ፣ የፌዴራሉ ወለል ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት በላይ ነው፤ በ2021 ወደ 600 ዶላር ዝቅ እንዲል ታውጆ አፈጻጸሙ ሲራዘም ቆይቶ በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ለየብቻ ወለሉን የማይደርሱ ሁለት አነስተኛ ድርጅቶች ሲጋሩ ግን ድምራቸው ይደርሳል፤ አንዱም ብቻውን የማይመጣበት ቅጽ በሁለቱ ምክንያት ይመጣል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲን የመሳሰሉት ደግሞ የራሳቸውን ወለል 600 ዶላር ላይ ስላደረጉ የፌዴራሉ ከፍ ማለት እዚያ ላለ ነጋዴ ብዙም አይረዳም። ቅጽ ባይመጣም ገቢው ገቢ ነው፤ ማስታወቅ ግድ ነው።

ለመለያየት ጥሩው ቀን ጃንዋሪ 1 ነው፤ በዓመቱ መካከል ከሆነ ለባልደረባው የዚያ ዓመት ሽያጭ ከሁለት አካውንት ቅጽ ይመጣል፣ መለየቱም ለግማሽ ዓመት ብቻ ይቀጥላል። አሮጌውን አካውንት ከመዝጋትዎ በፊት ግን የግብይቱን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ያውርዱ፤ ከተዘጋ በኋላ መግቢያው ሊቋረጥ ስለሚችል። ከመዘጋቱ በፊት ከተሸጠ ዕቃ ላይ ደንበኛ ከወራት በኋላ ገንዘቡን ሊያስመልስ ስለሚችልም፣ የባልደረባዎን የመጨረሻ ሒሳብ ሲዘጉ ለዚህ የሚሆን መጠነኛ መያዣ ለስንት ወር እንደሚቆይ በስምምነቱ ላይ ይጻፉት።